ሦስት ከአስር

እንድርያስ የልጁን ምስጢር የሰማው በመታጠቢያ ቤቱ ወለል በኩል ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ውስጥ ያሉት አሮጌ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ የማሞቂያው አየር በቆርቆሮ ቱቦ ከምድር ቤት ወደ ላይ ይወጣል፣ ማሞቂያው ሲያርፍ ደግሞ ታች የሚወራው ሁሉ በዚያው ቱቦ ሽቅብ ይመጣል። ቤቱን ከገዙ አስራ አራት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በዚያ ቀዳዳ የመጣለት ነገር ቢኖር የልብስ ማጠቢያው ጩኸት ብቻ ነበር። አርብ ጠዋት፣ ገና አስራ ሁለት ሰዓት ሲል፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ፣ የናሆሚ ድምፅ ከእግሩ ሥር መጣ። በእንግሊዝኛ ስልክ እያወራች ነው። መጀመሪያ ጆሮ አልሰጠውም። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ከማን ጋር እንደምታወራ ማዳመጥ ነውር ነው ብሎ ምላጩን ውሃ ውስጥ ነከረ። ከዚያ «ናይን ቤልስ» የሚል ስም ሰማና እጁ ባለበት ቆመ።

«ናይን ቤልስ» ለንደን የሚታተም ሳምንታዊ የሥዕላዊ ታሪክ (ኮሚክ) መጽሔት ነው። እንድርያስ አዲስ አበባ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ አንድ እንግሊዛዊ መምህር ትቶት ከሄደው ክምር ውስጥ የመጀመሪያውን ካነበበ ጀምሮ አርባ ዓመት ሙሉ ሲከታተለው ኖሯል። በየሳምንቱ አምስት የተለያዩ ታሪኮች በተከታታይ ይወጡበታል፤ አራቱ የታወቁ ደራሲዎችና ሰዓሊዎች ሥራ ናቸው፣ አምስተኛው ቦታ ለአዲስ ሰው ይሰጣል። ናሆሚ የዚህን መጽሔት ስም እንኳ ስትጠራ ሰምቷት አያውቅም። አሁን ግን ታች ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የታሪኳን ማለቂያ እየቀየረችው እንደሆነ ለአንድ ሰው ትነግራለች። ዛሬ እስከ ለንደን እኩለ ሌሊት ድረስ እልካለሁ፣ ካልሆነልኝ ግን የመጨረሻውን ክፍል ተዉት፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት አለች። ሰውዬው ምን እንደመለሰላት አይሰማም። እሷ መልሳ፣

«አይ፣ ልክ ነው» አለች። «ፓይንሪጅ የጻፈው ልክ ነው። እሱን ያህል ያነበበ ሰው የለም። አውቀዋለሁ። አባቴ ነው።»

እንድርያስ ክው አለ። አረፋው አገጩ ላይ እየደረቀ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ቆመ። «ፓይንሪጅ» በአንባቢዎቹ ድረ ገጽ ላይ የሚጽፍበት ስሙ ነው፤ ሰፈሩን ስም አድርጎ ከተመዘገበ አስራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ስም በየሐሙሱ ስለ አዲሱ እትም አስተያየቱን ይጽፋል፣ ለእያንዳንዱ ታሪክ ከአስር ነጥብ ይሰጣል። ሊድስ ያለ ጡረተኛ፣ ግላስጎው ያለ መጽሐፍ ሻጭ፣ ፓይንሪጅ ምን አለ ብለው ይጠብቁታል። አዘጋጆቹም እንደሚያነቡት ያውቃል። ቤት ውስጥ ግን ይህን ማንም አያውቅብኝም ብሎ ነበር የሚኖረው። ሚስቱ ፀሐይወርቅ መጽሔቶቹን «ሥዕሎቹ» ነው የምትላቸው። ሥዕሎችህ መጥተዋል፣ ሥዕሎችህን ከሶፋው ላይ አንሳልኝ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

በአንባቢዎቹ ዘንድ አቋሙ የታወቀ ነው። የድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር ከሚሉት ወገን እንዳይመስላችሁ፤ ድሮም ከአምስቱ አንዱ ሁልጊዜ ውዳቂ ነበር፣ እሱን ታግሶ ማለፍ የአንባቢ ግዴታ ነው ባይ ነው። በየዓይነቱ ያዘዘ ሰው ጎመኑ አልጣመኝም ብሎ ትሪውን አይመልስም። እሱን የሚያናድደው ሌላ ነው። ዛሬ ዛሬ ታሪኮቹ የሚጻፉት ለሳምንቱ ሳይሆን በኋላ ተሰብስበው ለሚወጡበት ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ስለዚህ አምስት ገጽ ታነባለህ፣ አንድ ሰውዬ በር ከፍቶ ይገባል፣ ኮቱን ያወልቃል፣ ይቀጥላል ይልሃል። ድሮ በአምስት ገጽ አንድ ከተማ ይፈርስ ነበር። ቀለሙ በኮምፒዩተር ከሆነ ወዲህ ሁሉ ነገር ጠቁሯል፣ ማን ማንን እንደተኮሰ ለማወቅ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል። የአንባቢዎች ደብዳቤ ከሁለት ገጽ ወደ ሩብ ገጽ ወርዷል። በዓመት አራት ጊዜ የሚወጣው አዲሱ መጽሔት «ሶልት ኤንድ ኮል» ደግሞ ወረቀቱ የሠርግ መጥሪያ ያህላል፣ ካልጋሪ እስኪደርስ ከነፖስታው አርባ ሁለት ዶላር ያስወጣል፣ ውስጡ ግን ዝናብ የምታይ ሴት፣ ቀጥሎ ዝናብ የሚያይ ሰውዬ ነው። ማዘን ብቻውን ታሪክ አይሆንም ብሎ ጽፎ ስንቱ ወርዶበታል። አንድ ነገር ላይ ግን ቢሰድቡትም አይመለስም፤ የእነዚህ መጽሔቶች ነፍስ አምስተኛው ቦታ ነው። ስሙን ማንም ያልሰማው ሰው ከጌቶቹ አጠገብ አምስት ገጽ የሚያገኝበት ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከኋላ ጀምሮ ያነባል፣ በአዲሶቹ ላይም እሱን የሚያህል ጨካኝ የለም።

ያለፈው ሳምንት ጭካኔው ያረፈው ኤን. ታልቦት በሚባል ሰው ላይ ነበር። ታሪኩ ጎርፍ በዋጣት ለንደን ላይ ሰው ስለሚያሻግር አንድ የጀልባ ነጂና ከኋላ ስለምትቀመጥ ልጁ ነው። እንድርያስ ሦስተኛውን ክፍል አንብቦ፣ መዝገበ ቃላቱን አጠገቡ አድርጎ፣ ቃል በቃል እያማረጠ የጻፈውን አሁን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቆሞ በቃሉ ይደግመዋል። «ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ ይህ እጅ ውሃ መሣል ይችላል። አባትየው ግን ከእንጨት የተጠረበ ነው። ልጁ አስራ አንድ ዓመት በየቀኑ ትሳፈራለች፣ እሱ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ ፊቷን አያይም፤ በመስታወት ብቻ። እንዲህ ያለ አባት የለም። ሚስተር ታልቦት ልጅ ያላቸው አይመስለኝም፤ አባትም የነበራቸው አይመስለኝም። ሦስት ከአስር። አምስተኛው ቦታ የሚያውቀውን ለሚጽፍ ሰው ይሰጥ።» ያን ዕለት አባትም የነበራቸው አይመስለኝም የምትለዋን አረፍተ ነገር ሲጽፍ ለብቻው ስቆ ነበር። «ኤን» የናሆሚ ስም መጀመሪያ ፊደል መሆኑ ያኔ አልታየውም።

የቀረውን ጢሙን እንዴት እንደተላጨው አያውቅም፤ አገጩን ሁለት ቦታ ቆርጦታል። ለንደን እኩለ ሌሊት ሲሆን ካልጋሪ አስራ አንድ ሰዓት ነው። እስከዚያ አንድ ነገር ካላደረገ ልጁ ዓመት የደከመችበትን ነገር በእሱ ምክንያት ትጥለዋለች። በደረጃው አናት ላይ ቆመ፣ የምድር ቤቱ በር ተዘግቷል፣ ከሥሩ ብርሃን ይታያል። እጁን እጀታው ላይ አደረገና መለሰው። ምን ሊላት ነው? በቱቦ ሰማሁሽ? ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

እንድርያስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው። ጠዋት ማርቲንዴል የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአስራ ስምንት ፌርማታ ልጆች ይሰበስባል፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል፣ በመሃል አምስት ሰዓት ያህል የራሱ ነው። ጠዋት የጣለው በረዶ መንገዱን አሙለጭልጮት ስለነበር ስለ ናሆሚ ለማሰብ ጊዜ አልሰጠውም፤ ልጆቹን አራግፎ ገበያ ማዕከሉ አጠገብ ሲያቆም ግን ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ መጣበት። ስልኩን አውጥቶ ድረ ገጹን ከፈተ። ባለፈው ሳምንት ስለ ኤን. ታልቦት የሰጠሁት ነጥብ ከበድ ያለ ነበር ብሎ ጀመረ፣ ስምንት ብሎ ጻፈ፣ አጠፋው፣ ሰባት አለ፣ እሱንም አጠፋው። በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ በዝምድና ነጥብ ሰጥቶ አያውቅም፤ የራሱ ዘመድ መጽሔት ላይ ወጥቶ ባያውቅም ማለት ነው። ደግሞ ናሆሚ ጅል አይደለችም። ሳምንቱን ሙሉ ሦስት የነበረ ነጥብ ዛሬ ሰባት ከሆነ ያዘነላት መሆኑን ወዲያው ታውቃለች። ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው። ልጁ የሠራችው መሆኑን እያወቀም፣ አባትየው አሁንም እንጨት ሆኖ ታየው።

ለፀሐይወርቅ ደወለ። ራንድል ሰፈር ከምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ የምሳ እረፍት ላይ ናት።

«ናሆሚ የምትሠራውን ታውቂያለሽ?»

ከበስተጀርባዋ የሰሃን ድምፅ ይሰማል። ካወቀች ዓመት እንዳለፋት ነገረችው። ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት፣ ናሆሚ አትንገሪው ስላለቻት እንደሆነ መለሰች። ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ያንብበኝ ብላ ነበር፤ አባዬ ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው፣ ለእኔ ብሎ የሚለው ግን አያስፈልገኝም ብላ። እንድርያስ ታዲያ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አንተ እኮ» አለች ሳትቆጣ፣ «የልብህን የምታወራው ለእንግሊዞቹ ነው።»

ከዚያ አንዲት ታካሚ ደውላ ስለጠራቻት ስልኩን ዘጋች። እንድርያስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ልጁን ይወዳታል፤ ይህን ለራሱ ለመንገር አያፍርም። ግን ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይበላሻል ተብሎ ያደገ ሰው ነው፣ እሱም እንደዚያው አሳደጋት። ዘጠና አምስት አምጥታ ስትመጣ አምስቷን የት ጣልሻት ይላት ነበር፣ ቀልድ ነው ብሎ። አንድ ቀን ሳትስቅ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላው ወደ ታች ወረደች፣ ከዚያ በኋላ ወረቀት አሳይታው አታውቅም። ያን ጊዜ ምን ነክቷት ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ሄደ። ሆን ብሎ በሩን በኃይል ዘጋው፣ ጫማውን አንኳኳ፣ ማንቆርቆሪያውን ጣደ። ናሆሚ ባዶ ኩባያ ይዛ ወጣች። ፀጉሯ ተጠቅልሏል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጣቶቿ ላይ እንደ ሁልጊዜው ቀለም የለም፤ ስክሪን ላይ ስለምትሥል ቀለም አይነካትም፣ ምናልባት ለዚህ ነው ሳያውቅ የኖረው። የምትሠራበት የጥርስ ሐኪም ጋ ዛሬ ሥራ የለም ወይ አላት። አርብ ኦፍ ነኝ አለችው። በረዶው እስከ ማታ እንደማይቆም ነገራት። እሷም ጋራዡ ፊት ባለው በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጨው እንደበተነችበት ነገረችው። ማንቆርቆሪያው መጮህ ጀመረ። አሁን፣ አሁን ልንገራት እያለ ኩባያ አወረደ።

«ምሳ በላሽ?» አለ።

«አይም ኦኬ፣ አባዬ።» አገጩን አየችው። «ምን ሆነህ ነው? ደምተሃል።»

ምላጩ አርጅቶ ነው አላት። ሻይዋን ይዛ ወረደች፣ በሩም ተዘጋ። እንድርያስ የራሱን ሻይ ሳይጠጣ ማጠቢያው ውስጥ ደፋውና ወጣ። በራሱ ላይ እንደዚያ ዕለት ተናዶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ጭኖ ሲነሳ አስራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን አስር ሰዓት ላይ ያበቃል። የመጨረሻዋ ፌርማታ ላይ ግን አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ቀረች፣ እናቷም የለችም። እንዲህ ያሉትን ሕፃናት የሚቀበላቸው አዋቂ ሳይኖር ማውረድ ክልክል ነው። በሬዲዮ ወደ ቢሮ ተናገረ፤ ጠብቅ አሉት። ለናሆሚ ደወለ፣ አታነሳም። አንዴ ደግሞ ደወለ። አስር ሰዓት ከአምስት ሆነ፣ ከአስራ አምስት ሆነ። በረዶው መስታወቱን እየሸፈነው ነው። ሕፃኗ ከኋላው ሁለተኛው ወንበር ላይ ሆና መነፋረቅ ጀመረች።

እናትሽ አሁን ትመጣለች፣ መንገዱ ተዘግቶባት ነው አላት እንድርያስ በእንግሊዝኛ። ሲላት ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ባለው ሰፊ መስታወት ውስጥ ያያታል። ሕፃኗም ቀና ብላ እዚያው መስታወት ውስጥ ፈለገችው፣ ዓይኑን ስታገኝ ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት። እንድርያስ ያቺን አስተያየት ያውቃታል። ፀሐይወርቅ ንጋት ላይ ሥራ ስለምትገባ ናሆሚ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በእሱ አውቶቡስ ነበር የምትሄደው፤ ልክ እዚያ ወንበር ላይ፣ ልክ እንደዚህ አንገቷን አቅንታ። አባዬ ስትለው በመስታወት ያያታል፤ ነጂ ፊቱን ከመንገድ ላይ አያነሳም። አሁን ግን አውቶቡሱ ቆሟል። ሞተሩ እንኳ ጠፍቷል። የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሁለት ክንድ ከማይሞላ ርቀት፣ የምታለቅስ ሕፃን በመስታወት ያባብላል። ናሆሚ ከስድስት ዓመቷ እስከ አስራ ሰባት። አስራ አንድ ዓመት። ጀልባው ምን እንደሆነ፣ ውሃው ምን እንደሆነ፣ ያ እንጨት ሰውዬ ማን እንደሆነ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባው።

እናትየዋ አስር ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ እየሮጠች መጣች። እንድርያስ አውቶቡሱን ጊቢው ውስጥ አቁሞ፣ እንደ ደንቡ ተኝቶ የቀረ ልጅ እንዳለ እስከ ኋለኛው ወንበር ድረስ ሄዶ አይቶ፣ መኪናውን አስነሳ። ቤት ሲደርስ አስር ሰዓት ከአርባ አራት ሆኗል። ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

ክፍሉ ውስጥ ከገባ ስንት ዓመት እንደሆነው አያስታውስም። አልጋዋን ግድግዳ አስጠግታ መሃሉን ትልቅ ጠረጴዛ ይዞታል፤ ጠረጴዛው ላይ ዘንበል ያለ ስክሪን፣ አራት የሻይ ኩባያ፣ የደረቀ ብርቱካን አለ። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የጀልባው ገጾች ታትመው ተለጥፈዋል። ናሆሚ ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ ፕሊስ፣ አሁን ታይም የለኝም» አለች።

«ጠዋት ስልክ ስታወሪ በቱቦው ሰምቼሻለሁ።»

እጇ ቆመ። «ጠዋት?» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ሰምተህ ነው ምሳ በላሽ ያልከኝ?»

እንድርያስ ኩባያዎቹን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀመጠ። ናሆሚ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አድርጋ መናገር ጀመረች፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ አማርኛ ነው። ሦስት መስጠቱ እንዳልከፋት ነገረችው። ከሌላ ሰው ዘጠኝ አግኝታ እንደ እሱ ሦስት ያመነችው የለም።

«ነጥቡ ኢትስ ፋይን። ግን እንዲህ ያለ አባት የለም አልክ። እኔ እኮ አልፈጠርኩትም፣ አባዬ። አንተ የለም ካልክ፣ ላይክ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያየሁት ምንድነው? እብድ ነኝ?»

እንድርያስ አሳዪኝ አላት። ሊያልቅ አስር ደቂቃ የቀረውን ገጽ አሳየችው። አባትየው መሪውን ለቆ ዞሯል፣ ልጁን አቅፏታል፣ በውሃው ላይ ፀሐይ ወጥታለች። ቀለሙ ያምራል። ግን አርባ ዓመት ያነበበ ሰው ዓይን ነው ያረፈበት፤ የአባትየው ክንድ የሌላ ሰው ክንድ ይመስላል፣ ሣቁም ከታሪኩ ውጭ የመጣ ነው። ይህ መጽሔት ላይ ቢወጣ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ያውቃል። የበፊቱስ አላት። ናሆሚ አመነታች፣ ከዚያ ከፈተችለት። ልጅቷ አድጋ ሻንጣ ይዛ ትወርዳለች። ወደብ ላይ ቆማ ወደ መስታወቱ ታያለች፤ መስታወቱ ውስጥ የአባቷ ዓይን ይከተላታል፣ ጀርባው ግን እንደነበረ ነው። መጨረሻ ላይ መስታወቱ ብቻ ይቀራል፣ ውስጡ ውሃ። ጽሑፍ የለበትም። እንድርያስ ሦስት ጊዜ አነበበው። በዓመቱ ውስጥ ካነበበው ሁሉ ይህን የሚያህል እንዳልነበረ አወቀ።

«የቱን ልላክ?» አለች ናሆሚ። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

«የበፊቱን።»

«እሱ ግን አንተን…»

«ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።» ስክሪኑ ላይ ያለውን መስታወት በጣቱ ነካው። «ያ ሰውዬ አልዞረም፣ ናሆሚዬ። ያልዞረን ሰው ዞረ ብለሽ አትሣይ። አንቺ ትክክል ነሽ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ናሆሚ አየችው። ከዚያ አዲሱን ገጽ ዘግታ የበፊቱን ላከችው፤ ከስክሪኑ ላይ ትንሿ መስመር ሞልታ እስክትጠፋ ሁለቱም ተመለከቱ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ወዲያው ማሞቂያው ተነሥቶ ክፍሉን በድምፁ ሞላው። እንድርያስ ስልኩን አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ በአንድ ጣቱ ቀስ እያለ መጻፍ ጀመረ። ሐሙስ አልነበረም፤ ሐሙስ እስኪመጣ መጠበቅ አልቻለም። ሲጨርስ እንደ ሁልጊዜው መዝገበ ቃላት አልፈለገም፣ ስልኩን ለልጁ ሰጣትና እስቲ እንግሊዝኛውን እዪልኝ አላት።

«ያለፈው ሳምንት ስለ አምስተኛው ታሪክ የጻፍኩትን አንሥቻለሁ» ይላል። «ከእንግዲህ ለዚህ ታሪክ ነጥብ አልሰጥም፤ ኤን. ታልቦት ልጄ ናት። እንዲህ ያለ አባት የለም ብዬ ነበር። አለ።»

ናሆሚ አጭሯን ጽሑፍ ለማንበብ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገችና ስልኩን መለሰችለት።

«ስፔሊንጉ ልክ ነው» አለች።